የእንደራሴው እጅ ይታይ

(ባሕር ዳር ላይ ለከተማው ነዋሪዎችና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ። የቀረው እንደተናገርኩት ነው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ፣ ከገበያ፣ ከክፍል በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ውጭ ከጣና የሚመጣው ነፋስ በዚህ ሰዓት እንዴት ደስ እንደሚል አውቃለሁ። እሱን ትታችሁ አዳራሽ ስለገባችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው። በፌዴራሉም በክልሉም ምክር ቤት የሚቀመጡልን ሰዎች ሕግ ሲያወጡ ድምፃቸውን በምስጢር እንዲሰጡ ይፈቀድ ወይ? መልሴን ደብቄ አላቆያችሁም። አይፈቀድ ባይ ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይፈቀድ እላለሁ፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። ግን እዚህ መልስ ላይ የደረስኩት መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ዕድር ውስጥ ነው።

በሠፈራችን ዕድር ለብዙ ዓመታት ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። አንድ ጊዜ ሰብሳቢ ለመምረጥ ጉባኤ ጠራን። ነባሩ ሰብሳቢ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ክፉ ሆነው አይደለም። ግማሹ ሰው የሳቸውን ቤት ተከራይቷል፤ ሌላው ከሳቸው ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዙረው ተቀምጠዋል። "እሳቸው ይቀጥሉ የምትሉ እጅ አውጡ" ተባለ። እኔ ደብተር ይዤ እቆጥራለሁ።

ከፊት የተቀመጡት እጃቸውን ቀጥ አድርገው አወጡ። መሐል ላይ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሱ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። እጃቸው ተነሳ፤ ጆሯቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሻሻቸውን የሚያስተካክሉ ይመስላሉ። ሰብሳቢው ወደሳቸው ሲያዩ እጁ ትንሽ ከፍ ይላል። ፊታቸውን ሲያዞሩ ይወርዳል። ልቁጠረው ወይስ ልተወው? ብዕሬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ ቆጠርኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ልክ ሠርቼ ይሁን አላውቅም።

ያኔ አንድ ሽማግሌ ተነሱና "ይሄ ምርጫ አይደለም፤ ሰላምታ ነው" አሉ። ሰዉ ሳቀ፣ ግን ገባው። ምርጫው በምስጢር ይሁን ተባለ። መጻፍ የማይችሉ ብዙ እናቶችና አባቶች ስላሉ በእህል እንዲሆን ተስማማን። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ታደለው። ባቄላ "ይቀጥሉ" ነው፤ ሽምብራ "ይብቃቸው"። የዕድሩ ትልቁ ብረት ድስት ድንኳኑ ጥግ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠ። አንዱን እዚያ ትጥላለህ፤ የተረፈህን አጠገቡ ያለ ጆንያ ውስጥ ትከታለህ።

የመጀመሪያው ሰው ገብቶ ሲጥል "ቃ!" አለ። ሁላችንም ሰማን። ባቄላና ሽምብራ ብረት ላይ ሲወድቁ ድምፃቸው አንድ አይደለም። ባቄላው ዱብ ይላል፤ ሽምብራው ይነጥራል፣ ይንከባለላል። ሦስተኛው ሰው ሲገባ ድንኳኑ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም። ሁሉም ጆሮውን አቁሟል። ይሄኔ እኒያ ዓሣ ጠባሽ እናት ተነሱ። ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ነጠላቸውን አጥፈው ድስቱ ውስጥ አነጠፉት። ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የማንም ድምፅ ድምፅ አላሰማም። ነባሩ ሰብሳቢ ተሸነፉ።

ስለዚህ ምስጢራዊ ድምፅን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ያቺን የታጠፈች ነጠላ አይቻለሁ።

አሁን ሁለተኛውን ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ጉባኤው ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ መርጧል። ለአዲስ ድንኳን መግዣ የተጠራቀመ ገንዘብ ነበረን። አንድ ነጋዴ መጥቶ "በወለድ አበድሩኝ፤ በስድስት ወር ከነትርፉ እመልሳለሁ" አለ። ኮሚቴው ተከራከረ፤ አልተስማማም። "እርስ በርስ እንዳንቀያየም በምስጢር እንስጥ" ተባለ። ያ የእህል ዘዴ ጥሩ ሆኖ ስላገኘነው ደገምነው። አራት ለሦስት አለፈ። ገንዘቡ ተሰጠ። ስድስት ወር አለፈ፣ ዓመት ሆነ። ገንዘቡም ነጋዴውም አልተመለሱም።

ጉባኤ ተጠራ። "ማነው ይሰጥ ያለው?" ተብሎ ተጠየቀ። አንዱ ተነስቶ "እኔ ተቃውሜ ነበር" አለ። ሁለተኛውም "እኔም" አለ። ሦስተኛውም። አራተኛውም። አምስተኛውም። እንዲህ እያለ ሰባቱም ተቃዋሚ ሆኑ። ሦስት ተቃዋሚ የነበረው ኮሚቴ በአንድ ቀን ሰባት ተቃዋሚ አወጣ። እኒያ እናት ከመሐል ሆነው "ልጆቼ፣ ሰባታችሁም እንቢ ካላችሁ ገንዘባችንን ማን ሰጠው?" አሉ። መልስ የሰጠ የለም።

ያው ዕድር ነው። ያው ድስት ነው። ያው ባቄላና ሽምብራ ነው። አንድ ጊዜ አዳነን፤ አንድ ጊዜ አቃጠለን። ለምን? እኔ ብዙ ሌሊት ሳስበው ያገኘሁት ይሄን ነው። በመጀመሪያው ቀን ድስቱ ውስጥ እህል የጣለው ሰው የራሱን ድምፅ ነው የጣለው። የራሱን ነገር ቢደብቅ መብቱ ነው። በሁለተኛው ቀን የጣሉት ሰባቱ ግን የኛን ድምፅ ነው የጣሉት። የሰው ዕቃ ይዘህ የት እንዳደረስከው አልናገርም ማለት ትችላለህ?

ቋንቋችን ለዚህ ሰው የሰጠው ስም አለ። እንደራሴ። ቃሉን ስንለምደው አንሰማውም እንጂ "እንደ ራሴ" ማለት ነው። እኔ መሄድ ስለማልችል እንደ ራሴ ሆኖ የሚሄድልኝ ሰው። እንደ ራሴ የሆነው ሰው ምን እንዳለ እኔ ካላወቅሁ፣ እንደ ራሱ ሆነ እንጂ እንደ ራሴ አልሆነም።

ሕገ መንግሥቱም ሁለቱን ለይቷቸዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ላይ ምርጫ በምስጢር ድምፅ እንደሚሆን ይናገራል። አንቀጽ 54 ላይም የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ እንደሚመረጡ ይደግመዋል። ይሄ የመራጩ ነው፤ የእናንተና የኔ። ወደ ተመራጩ ሲመጣ ግን ቋንቋው ይለወጣል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንደሚጠየቅ፣ ሕዝቡም አመኔታ ካጣበት ሊያወርደው እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። እንግዲህ እኔ አመኔታዬን የማጣው ምን ሲያደርግ አይቼ ነው? ድምፁን ካላየሁ በምን አወርደዋለሁ? በመልኩ?

ለመራጩ ምስጢር የተሰጠው ለምን እንደሆነ ማስታወስ ጥሩ ነው። እንግሊዝ አገር እስከ 1872 እ.ኤ.አ. ድረስ መራጩ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። ጭሰኛው በባለመሬቱ ፊት ነው የሚናገረው። ባለመሬቱ ያልወደደውን ስም ከጠራ ከመሬቱ ሊነቀል ይችላል። የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛቶች በ1856 ምስጢራዊ ድምፅ ጀመሩ፤ እንግሊዝም በ1872 ተከተለች። ምስጢሩ የመጣው ደካማውን ከኃይለኛው ለመጠበቅ ነው። የኛዋ ዓሣ ጠባሽ እናት በሰብሳቢው ፊት እንደነበሩት ማለት ነው።

እዚያው እንግሊዝ ግን ምክር ቤቱ ራሱ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። የሕዝብ እንደራሴዎቹ ድምፅ ሲሰጡ ደጋፊው በአንድ በር፣ ተቃዋሚው በሌላ በር ይወጣል። የእያንዳንዱ ስም ይመዘገባል። ዝርዝሩ ከ1836 ጀምሮ በይፋ ይታተማል። አያችሁ፣ መራጩን ከመሸፈናቸው 36 ዓመት በፊት ተመራጩን ገልጠውታል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የኛ ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር አይደለም፤ እጅ በማውጣት ነው። "ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?" የሚል ይኖራል። የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ማታ ዜና ላይ የምትሰሙት ምንድነው? "ረቂቅ አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።" ወይም "በሦስት ተቃውሞና በአምስት ድምፀ ተአቅቦ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።" ቁጥር ነው። ሦስቱ እነማን ናቸው? አምስቱስ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ሰዎች የራሳችን ተመራጭ ባለፈው የበጀት አዋጅ ላይ እጁን ያውጣ አያውጣ የምናውቅ ስንት ነን? እስቲ እጃችሁን አሳዩኝ።

(እዚህ ላይ ጥቂት ጠበቅሁ። አንድም እጅ አልወጣም።)

አያችሁ፣ እጅ ወጥቶ ስም ሳይመዘገብ ሲቀር የሚሆነው ይሄ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው የፓርቲው አለቃ እጁን ያየዋል። ማን እንዳመነታ፣ ማን ጆሮው ጋ ሲደርስ እንዳቆመ ያየዋል። ሐሙሲት፣ ዘጌ ወይም ደቅ ደሴት ላይ ያለው መራጭ ግን አያየውም። ተመራጩ ከሚፈራው ሰው ፊት ራቁቱን ነው፤ ከላከው ሰው ግን ተሸፍኗል። ይሄ ከግልጹም ከምስጢሩም የባሰ ነው። የሁለቱንም ጉዳት ይዞ የሁለቱንም ጥቅም ጥሏል። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ያዙልኝ።

አሜሪካኖችም ይሄ ችግር ነበረባቸው። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ድረስ በተወካዮች ምክር ቤታቸው ብዙ የሕግ ማሻሻያዎች ላይ አባላቱ በቆጣሪ ፊት እየተሰለፉ ያልፉ ነበር። ይቆጠራሉ፤ ስም ግን አይጻፍም። በዚያ ዓመት ሕግ አወጡና ስም እንዲመዘገብ ሆነ።

ከዚህ በኋላ አንድ ከባድ ክርክር አለ። ላልፈው አልፈልግም፤ ምክንያቱም የሚያነሱት ቅን ሰዎች ናቸው። እንዲህ ይላሉ። "ተመራጩን የሚያስፈራው ሕዝቡ አይደለም፤ ፓርቲው ነው። ድምፁን ከሸፈንክለት ሕሊናውን ይከተላል።" የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 ያነባሉ። የምክር ቤት አባላት ተገዢነታቸው ለሦስት ነገር ብቻ ነው ይላል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ፣ ለሕሊናቸው። እኔም ይህን አንቀጽ ለተማሪ ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። አራተኛ ጌታ የለም። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። ታዲያ ይሄን ያልተጻፈ አራተኛ ጌታ ለማምለጥ ምስጢር አይረዳም ወይ?

አንዳንዴ ይረዳል። ደቡብ አፍሪካን እንይ። በ2017 እ.ኤ.አ. ተቃዋሚዎች በፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ላይ የአመኔታ ማጣት ሐሳብ አቀረቡ። ድምፁ በምስጢር ይሁን ብለው እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱ ምስጢርን አያዝም፣ አይከለክልምም፤ አፈ ጉባኤዋ ትወስን አለ። አፈ ጉባኤዋ ፈቀደች። ነሐሴ ላይ (እንደነሱ ኦገስት 8) ድምፅ ተሰጠ። 177 ይውረድ አሉ፤ 198 አይውረድ አሉ፤ 9 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ተቃዋሚዎቹ በሙሉ ተደምረው 151 መቀመጫ ነበራቸው። እንግዲህ ቢያንስ 26 የገዢው ፓርቲ ሰዎች በራሳቸው መሪ ላይ ድምፅ ሰጥተዋል ማለት ነው። በግልጽ ቢሆን 26ቱም ይህን ያደርጉ ነበር ብዬ አልከራከርም። አያደርጉም።

ግን እዚያው ፓርቲ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ማኮሲ ኮዛ ትባላለች። ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ወጥታ ዙማ ይውረድ ብላ በአደባባይ ተናገረች። የግድያ ዛቻ ደረሰባት። ፓርቲዋ የዲሲፕሊን ክስ መሠረተባት፤ ትመራው ከነበረው ኮሚቴ ተነሳች። በጥቂት ወር ውስጥ ከፓርቲው ወጣች። መራጮቿ የሷን ስም ያውቃሉ። ቢመርጧት ያውቋታል፣ ባይመርጧትም ያውቋታል። ከነዚያ ስማቸውን ከማናውቃቸው ሰዎች የትኛው ነው ነገ ለምርጫ ቀርቦ "እኔ ያን ቀን እውነቱን ይዤ ነበር" ቢል የሚታመነው? ያን ዕለት "አይውረድ" ያሉትም እኮ ዛሬ "ይውረድ ብዬ ነበር" ማለት ይችላሉ። የዕድራችን ሰባት ተቃዋሚዎች ትዝ አሏችሁ?

ደግሞ ምስጢሩ ሁልጊዜ የፓርቲን ዓይን አይጋርድም። በ2024 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ወታደራዊ ሕግ አወጀ፤ ምክር ቤቱ ከሥልጣን ሊያነሳው ተሰበሰበ። በዚያ አገር ሕግ ይህን የመሰለ ድምፅ በምስጢር ነው የሚሰጠው። ገዢው ፓርቲ ምን አደረገ? አባላቱ ከአዳራሹ እንዲወጡ አደረገ። አሁን ወረቀቱ ምስጢር ቢሆን ምን ይጠቅማል? ወንበሩ ላይ የቀረ ሰው ሁሉ ተጋለጠ። ሦስት ብቻ ቀሩ ወይም ተመለሱ። 200 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የሰጡት 195 ሆኑና ሐሳቡ ወደቀ። ከሳምንት በኋላ ሕዝቡ በብርዱ አደባባይ ሞልቶ ሲጮኽ ፓርቲው አባላቱን ማስወጣት አልቻለም። 204 ድምፅ ተገኘ፤ ፕሬዚዳንቱ ታገደ። በሁለቱም ቀን ምስጢሩ ያው ነበር። የተለወጠው አደባባዩ ነው።

ጀርመኖችም በ1972 እ.ኤ.አ. ይሄንኑ አይተዋል። ተቃዋሚዎች መራሔ መንግሥቱን ቪሊ ብራንትን በምስጢር ድምፅ ሊያወርዱ ተነሱ። የብራንት ወገን አብዛኛውን አባል "ከወንበራችሁ አትነሱ" ብሎ አስቀመጠ፤ የተነሳ ሰው እንዲታይ። ለማሸነፍ 249 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የተቃዋሚው መሪ 247 አገኘ። በሁለት ድምፅ ቀረ። በዓመቱ ዩሊየስ ሽታይነር የተባለ ከተቃዋሚው ወገን የነበረ የምክር ቤት አባል 50 ሺህ ማርክ ተቀብሎ ድምፁን እንደነፈገ ተናገረ። ገንዘቡ ከምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት እንደነበር የታወቀው የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ነው። "በምስጢር ሲሆን ጉቦኛው ዕቃው መድረሱን ማረጋገጥ ስለማይችል አይከፍልም" የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ አልንቀውም። ግን እንዳያችሁት ይከፍላል። የሚጎዳው በኋላ መዝገብ ገልጦ ማን ምን እንዳደረገ ማየት የሚፈልገው ሕዝብ ነው።

ፍርሃቱ ግን እውነት ነው። ታዲያ ያለ ምስጢር እንዴት ይቀነስ? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ ሐይቁን አቋርጣችሁ በስተሰሜን ጎርጎራ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ ወደ ላይ ጎንደር ነው። በነገሥታቱ ዙፋን ችሎት ፍርድ ሲሰጥ የነበረውን ሥርዓት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጉዳዩ ከተሰማ በኋላ መጀመሪያ ፍርዱን የሚናገረው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነው። ከሱ ከፍ ያለው ይከተላል፤ እያለ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ንጉሡ መጨረሻ ላይ ነው። ለምን? ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ አፉን አይከፍትማ! ሁሉም በአደባባይ፣ በስሙ፣ በድምፁ ይናገራል። ግን ቅደም ተከተሉ ታናሹን ይጠብቀዋል። ማንም ሳይደበቅ ፍርሃቱን ቀነሱት። እኔ ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ እኮራለሁ። ዛሬ የፓርቲው መሪ ቀድሞ ተነስቶ ሐሳቡን ደግፎ ተናግሮ ሲያበቃ "እጅ አውጡ" የሚባልበትን ስብሰባ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ሕግም ጋሻ ሰጥቷል። ያው አንቀጽ 54 አንድ አባል ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ፣ አስተዳደራዊ እርምጃም እንደማይወሰድበት ይናገራል። ይህን ጋሻ ማጠንከር፣ ሲጣስ መጮኽ፣ ስሙን አስመዝግቦ የተቃወመውን ሰው ደጅ ድረስ ሄዶ "አይዞህ" ማለት የኛ ሥራ ነው። መጋረጃ ከሰጠነው ግን ጋሻውን የሚያነሳለት አይኖርም፤ ማን እንደተመታ ማን ያውቃል?

አንዱን ቦታ እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። ምክር ቤቱ የራሱን አፈ ጉባኤ ወይም የኮሚቴ ሰብሳቢ ሲመርጥ በምስጢር ቢያደርግ አልቃወምም። እንግሊዞች አፈ ጉባኤያቸውን በ2009 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በምስጢር መረጡ፤ በቀጣዩ ዓመት የኮሚቴ ሰብሳቢዎችንም እንዲሁ። እዚያ ላይ አባሉ እንደ ዕድርተኛ ነው። የራሱን ሰብሳቢ ነው የሚመርጠው፤ የተቃወመው ሰው ነገ አለቃው ሊሆን ይችላል። ሕግ፣ በጀት፣ ግብር፣ የሚኒስትር ሹመት፣ መሪ ማውረድ ግን የኛ ነው። እዚያ ላይ እህሉ ይታይ።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ውድ የኤሌክትሮኒክስ ማሽን አላልኩም። የክልላችን ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። አንድ አዋጅ በጸደቀ ማግሥት የአባላቱ ስም፣ አጠገቡ "ደገፈ"፣ "ተቃወመ"፣ "ድምፀ ተአቅቦ"፣ "አልተገኘም" የሚል አንድ ወረቀት ይውጣ። ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በሬዲዮ ይነበብ። እምቦጭ መረባቸውን የሚበላባቸው ዓሣ አስጋሪዎች አሉን። እምቦጩን ለማስወገድ ገንዘብ ይመደብ ወይ ተብሎ ድምፅ ቢሰጥ እነዚያ ሰዎች የላኩት ሰው ምን እንዳለ ታንኳቸው ላይ ሆነው በስልካቸው ሬዲዮ ቢሰሙ ምን ይጎዳል?

በዕድራችን ከዚያ ገንዘብ ወዲህ እንዲህ ነው የምናደርገው። ሰብሳቢ ስንመርጥ ድስቱ አለ፤ ነጠላም ይነጠፍበታል። ኮሚቴው ሲወስን ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ሰባት ስም ይጻፋል፤ ከስሙ ትይዩ ሐሳቡ፣ ከሐሳቡ ትይዩ ፊርማው። መጀመሪያ ላይ ብዕሩን ለመያዝ ሁሉም ያመነታ ነበር። አሁን ክርክሩ ረዘመ፤ ሰው ከመፈረሙ በፊት ይጠይቃል፣ ሒሳቡን አምጡ ይላል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ።

(ብዙ ጥያቄ መጣ። ሁለቱን ብቻ ላስፍር።)

አንድ ወጣት "በዚህ ጊዜ ስም ማውጣት ለሕይወት የሚያሰጋ ቢሆንስ?" ብሎ ጠየቀ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። በቀላሉ አልመለስኩትም። ሰው ስለሰጠው ድምፅ ነፍሱ የምትጠፋ ከሆነ ያ ስብሰባ ምክር ቤት መሆኑ አብቅቷል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰላም ነው። እስከዚያው ድረስ መዝገቡ ተጽፎ ለጊዜው ታሽጎ ይቀመጥ ቢባል ይገባኛል። መዝገቡ ጨርሶ አይጻፍ ከተባለ ግን አይገባኝም። አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳልረካ ከፊቱ አየሁ።

ሁለተኛዋ የሕግ ተማሪ ናት። ከኋላ ተነሳችና "ጋሼ፣ የዕድሩ ጸሐፊ ነበርኩ ብለዋል። ጸሐፊ የኮሚቴ አባል ነው። ከሰባቱ አንዱ እርስዎ ነበሩ?" አለችኝ።

ነበርኩ። ያን ቀን ድስቱ ውስጥ የጣልኩት ሽምብራ ነው። አይሰጥ ብዬ ነበር። በጉባኤው ላይ ተነስቼ "እኔ ተቃውሜ ነበር" ያልኩት አራተኛው ሰው እኔ ነኝ። እውነቴን ነበር። እኒያ እናት አሁንም ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጠብሳሉ። አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። ቆሮሶውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡኛል፤ ሚጥሚጣ ይጨምሩልኛል፤ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቁኛል። ስለዚያ ገንዘብ ግን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። እኔም የማሳያቸው ነገር የለኝም።